የላርሰን ማሊያ

አቶ ገብረሕይወት ሲያትል ሲገቡ መርፌ ከያዙ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጃክሰን ጎዳና ላይ ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩ፣ አንድ ቀን ሃንክ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ገባ። ከሲያትል በስተሰሜን፣ አንድ ሰዓት በምታስነዳ ትንሽ ከተማ፣ ሎገርስ የሚባል የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ነበር፤ ሃንክ የቡድኑ ዕቃ ያዥ ነው። ተጫዋቾቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው፣ አብዛኞቹ ከካናዳ የመጡ ናቸው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ ስለዚህ ከማሊያ ጀርባ ስም መተርተርና ስም መስፋት አያልቅም።

አቶ ገብረሕይወት እንግሊዝኛ ማንበብ እምብዛም ናቸው። ሃንክ በወረቀት የጻፈላቸውን እያዩ፣ ፊደል በፊደል ይሰፋሉ። እንዲህ ሦስት ዓመት ሠሩ።

በ1984 ዲሴምበር ላርሰን የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቡድኑን ተቀላቀለ። በመጀመሪያ ጨዋታው ማግስት ሃንክ እየሳቀ ሱቁ ገባ።

«ጌብ፣» አላቸው፤ ስማቸው ስለሚረዝምበት እንዲያ ነው የሚጠራቸው፤ «ሁለት ፊደል አቀያይረህ ልጁን ‹ላስረን› አድርገኸዋል!»

አቶ ገብረሕይወት ክው አሉ። «በል አሁኑኑ አምጣው!»

«ተወው፣ ልጁ ራሱ ሲስቅ ነው ያመሸው። ከገና መልስ ታስተካክለዋለህ።»

ላርሰን ከገና አልተመለሰም። ወደ ወላጆቹ ሲሄድ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገባ።

ሃንክ ማሊያውን ያመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። «ክርኑ ጋ ተቀዷል፣ ጠግንልኝ። እናቱ ትፈልገዋለች» ብሎ ቶሎ ወጣ።

ክርኑን ጠገኑ። ከዚያ ማሊያውን ገልብጠው ስሙን አዩት። የሞተ ልጅ በተሳሳተ ስም ለእናቱ ይላክ? ኅሊናቸው እሺ አላላቸውም። ሁለቱን ፊደላት በምላጭ ተርትረው ቦታ ቦታቸውን አስያዟቸው፤ ተኩሰው፣ አጣጥፈው፣ በነጭ ወረቀት ጠቀለሉት። ሃንክም ሳይፈታው ላከው።

በፌብሩዋሪ ሃንክ መጥቶ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

«እናቱ ደውላ ነበር። ልጁ ያን ዕለት ስለ ስሙ ነግሯት፣ ስልክ ላይ አብረው ሲስቁ ነበር። የጠበቀችው ያንኑ ነው።»

አቶ ገብረሕይወት ወንበር ስበው ተቀመጡ። «መልሳ ትላከው። እንደነበረው አድርጌ እሰፋዋለሁ።»

«ብያት ነበር። ‹ሰውዬው በደግነት እንዳደረገው ገብቶኛል፤ ግን እሱ የለበሰው አይሆንም› አለችኝ።»

ደብዳቤ አስጽፈው ይቅርታ ለመኑ። መልስ አልመጣም።

የሎገርስም ዕድሜ አልረዘመም። የከተማዋ እንጨት መሰንጠቂያ ተዘግቶ ሰዉ ሥራ ሲፈታ ተመልካቹ ሳሳ፤ በ1986 ቡድኑ ተሸጦ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ሆነ። ለመጨረሻው ጨዋታ ሃንክ ሁለት ትኬት ላከላቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አጸደ ጋር ሄደው፣ ግማሹ ወንበር ባዶ በሆነው አዳራሽ ኮታቸውን እንደደረቡ ተቀመጡ። ጨዋታው ሲያልቅ ጎረምሶቹ በረዶው ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። የአቶ ገብረሕይወትም እንባ ወረደ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው? ኳሷ የት እንደገባች እንኳ አላየህም» አሏቸው ወይዘሮ አጸደ።

«እኔ ፊታቸውን አላውቅም አጸደ። ጀርባቸውን ነው የማውቀው።»

ወይዘሮ አጸደ ክንዳቸውን ያዙ። ሃንክን ሊሰናበቱት ወደ ልብስ መልበሻው ወረዱ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አቶ ገብረሕይወት ሁለቴ አንኳኩ፤ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማቸው፤ የከፈተላቸው ግን አልነበረም። ጥቂት ጠብቀው ወደ ሲያትል ተመለሱ።