በግማሽ ገብስ የጠመቅነው ጠላ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ደብረ ብርሃን ውስጥ በከፈተው ጠላ ቤት ሁለተኛ ጠማቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ዋናዋ ጠማቂ እትዬ አስካለ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ጋን ሲያሳጥቡኝ ዋሉ።

"በግራዋ እሺው፤ አለቅልቂው፤ ከዚያ ደግመሽ እሺው" አሉኝ።

ስጨርስ ፊታቸውን ጋኑ አፍ ላይ ደፍተው አሸተቱ። "ያለፈው ሳምንት ጠላ እዚህ ውስጥ ገና ተቀምጧል" ብለው ጋኑን መለሱልኝ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ እጄ ከግራዋው ምሬት የተነሳ እንጀራ እንኳ የሚያስቆርስ አልነበረም።

ዛሬ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው አብረውኝ ለጠመቁት ሴቶችና ስለ ጠላ ለሚጠይቁኝ የክፍል ጓደኞቼ ነው። ያየሁትን ብቻ ለመጻፍ እሞክራለሁ። የተሳሳትኩት ቢኖር እትዬ አስካለ ያርሙኝ።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነበር። የተወቀጠ ጌሾና ትንሽ ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲነሳ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ማለትም አሻሮ፣ እና የቀረው ብቅል ይገባበታል፤ ይህ ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ተሞልቶበት ይከደናል። ጠርቶ ሲጠልል ጠላ ነው። በተረፈው ድፍድፍ ላይ ሁለተኛ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪ የላላ ነው፤ ለልጆችና ለቤት ሰው ይሆናል። ለእንግዳ ቅራሪ ማቅረብ ግን እንግዳውን እንደ መናቅ ይቆጠራል።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ መኸር ሳይደርስ፣ ገብስ ጠፋ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ወይንሸት ደብተሯን ይዛ መጣች። እትዬ አስካለ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለሚያውቋት የውጭ ሰው በሌለበት "ወይንዬ" ይሏታል።

"እትዬ አስካለ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ለቤቱ የሚሰጠው ገብስ በግማሽ ተቀንሷል።"

"በግማሽ ገብስ የሚወጣው ግማሽ ጠላ ነው፣ ወይንዬ።"

"ግማሽ ጠላ ከሆነ ግማሹ ሰው ይቀራል። ሰው ከቀረ ደግሞ ቤቱ የሱቅ መጋዘን ይሁን የሚሉ ቀበሌው ውስጥ አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።"

እትዬ አስካለ የሚኖሩት በዚያው ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ባልም ልጅም የላቸውም። ቤቱ ከተዘጋ ሰላ ድንጋይ የሚኖሩት ወንድማቸው ዘንድ መግባት ነበረባቸው፤ ከወንድማቸው ሚስት ጋር ደግሞ ለዓመታት አይነጋገሩም። ስለዚህ ያ ወር ለእኔ የሥራ ጉዳይ ቢሆን ለእሳቸው የመኖሪያ ጉዳይ ነበር።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ድፍድፉን እንደ ወትሮው ሠርተን በላዩ ላይ ከልክ ያለፈ ውሃ እንሙላ አልኩ። ቅጥነቱ እንዳይታወቅ ጌሾውን ጨመርኩ፤ እንስራውንም በወይራ ሁለቴ አጠንኩት። ምሬቱና ጢሱ ጥንካሬ ይመስላሉ ብዬ ነበር። ለጠጪዎቹም ምንም አልነገርንም።

ዋናው ደንበኛችን ባሻ ግዛው ነበሩ፤ ድንጋይ ፈላጭ ናቸው። ከሰባት ሠራተኞቻቸው ጋር በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። እሳቸው የተቀመጡበት ቤት ይሞላል፤ የተዉት ቤት ይራቆታል። እትዬ አስካለ እንደ ደንቡ ከማንቆርቆሪያው ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ቀመሱ። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ባሻ ጣሳውን አላዩም፤ ያዩት የእትዬ አስካለን ፊት ነው።

"ምነው አስካለ፣ መድኃኒት ነው እንዴ የሰጡሽ?"

"ይጠጡ ባሻ፣ ይጠጡ።"

አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ጣሳውን አስቀመጡ። "ይሄ ጠላ አይደለም። ጋን ያጠባችሁበትን ውሃ ነው የቀዳችሁልኝ።"

ሠራተኞቻቸው ሳቁ። አንዱ "ባሻ፣ ጢሱን አጣጥሙት እንጂ፤ ወይራው እኮ አንደኛ ነው" አለ። ጣሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

እትዬ አስካለ አልተቆጡኝም። "ቅራሪን ጠላ ነው ብለን አቀረብን። ያሳፈረን እሱ ነው" አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አላነሡም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ጠላ የሚያጠግበው ስለሚያሰክር ነው? ወይስ መስከርና መጥገብ የተለያዩ ነገሮች ሆነው እኛ አንድ ላይ ስለለመድናቸው ነው?

መልሱን የጀመረልኝ ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው። ጋሼ ሰይድ ከአልዩ አምባ ወገን ጌሾና በርበሬ በበቅሎ አንኮበር ድረስ አውጥተው፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ብርሃን የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ። እትዬ አስካለ ሁልጊዜ ይተርቧቸዋል።

"ጋሼ ሰይድ፣ የማይቀምሱትን ነገር ጥሩ ነው እያሉ ይሸጡልናል።"

"እርስዎስ የማይነዱት መኪና ላይ ይሳፈሩ የለ?"

በዚያው ሳምንት ያመጡትን ጌሾ ስመዝን ምን ሆናችሁ አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና "እኛ ሰርግ ላይ ቀሪቦ ነው የምናቀርበው። ጌሾም ብቅልም የለውም፤ ራስም አያዞርም። ወላሂ፣ ሰው ግን ጠግቦ ነው የሚነሣው" አሉ።

"ምኑ ያጠግባል?"

"እሱን ባለቤቴን ፋጡማን ጠይቂያት። እኔ መጠጣቱን ነው የማውቀው።"

እትዬ አስካለን ሄጄ እንዳይ ለመንኳቸው። "ሄደሽ እዪ፤ እዚህ ተቀምጠሽ የማሳጥብሽ ጋን የለም" አሉኝ። በጭነት መኪና አንኮበር ደረስኩ። ከዚያ ከጋሼ ሰይድ በቅሎዎች ኋላ ኋላ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። በወረድን ቁጥር አየሩ ሞቀ፤ ጋቢዬን አውልቄ በቅሎ ላይ ጫንኩት።

ባለቤታቸው እማማ ፋጡማ ለእኔ ብለው አልጠበቁም፤ ገብሱን መቁላት ጀምረው ነበር። እሳቱ ትንሽ ነበር። እኛ አሻሮ ስንቆላ ገብሱ ወርቅማ ሲሆን እናወጣዋለን። እሳቸው አላወጡም። ቡናማ ሆነ፤ አላወጡም። መጥቆር ሲጀምር "እማማ፣ አረረ!" አልኳቸው።

"አላረረም። እሳት የበዛበት ነው የሚያርር። ዝግ ያለ እሳት ያጠቁረዋል እንጂ አያሳርረውም። እንኪ፣ በጥርስሽ ስበሪው።"

ሰበርኩት። ውጭው ጠቁሯል፤ ውስጡ ገና ነጣ ያለ ነበር።

"ነጭ ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ምን አስጮኸሽ?"

ውስጡ ቡናማ ሲሆን አወጡት። በደቃቁ ሳይሆን ሸርከት አድርገው አስፈጩትና በውሃ አፈሉት። አጥልለው ከቀበሌ በራሽን ከሚያገኙት ስኳር ትንሽና እርሾ ጨምረው አሳደሩት። በማግስቱ ጠዋት ጠጣሁ። ራሴ ላይ ምንም አልተሰማኝም፤ አፌ ግን የሚያጣጥመው አላጣም። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ትንሽ ጣፋጭነት፤ ከዋጥኩ በኋላ ቀጭን ምሬት ቀረ። ሁለተኛ ጠየቅሁ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ የእኔን ቅራሪ ሁለተኛ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስመለስ ለእትዬ አስካለ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ጌሾ የሌለው ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም" አሉ።

"ጌሾውን አንተውም። የምንወስደው አቆላሉን ነው። ራስ የሚያዞረው ከብቅሉ የሚመጣው ነው፤ እሱን እንቀንስ። ገብሱን ደግሞ አጥቁረን እንቁላው። እና ከሌላ ድፍድፍ የተረፈ አይሁን፤ ለራሱ እንጠንስሰው።"

"ላላ ላለ ጠላ ለብቻው ጥንስስ?"

"አዎ።"

"ሰው ቢሰማ አበዱ ይለናል" አሉና ምጣዱን አወረዱ።

የመጀመሪያው እንስራ አልተሳካም። ቸኩዬ እሳቱን አበዛሁና ጠላው ከሰል ከሰል አለ። ለሁለተኛው ሙሉ ከሰዓት ተቀምጬ ቆላሁ፤ በየጊዜው አንድ ፍሬ በጥርሴ እየሰበርኩ። ጌሾውን ከወትሮው በታች አደረግን። ጥቁረቱ ራሱ ምሬት ስላለው ብዙ ጌሾ አልፈለገም። ማጠኑንም ወደ አንድ ጊዜ መለስነው። ጠላው ጠልሎ ሲቀዳ ጥቁር ቀይ ነበር፤ አረፋውም ቶሎ አልሞተም። እትዬ አስካለ መዳፋቸው ላይ ቀምሰው፣ ደግመው ቀምሰው፣ "ይሄ ለሰው ይቀርባል" አሉ።

አንድ ችግር ግን ነበረው። በአራተኛው ቀን ኮመጠጠ። ጠንካራ ጠላ በደብረ ብርሃን ብርድ ሳምንት ይቆያል፤ የላላው አይችልም። ስለዚህ በትልቁ ጋን መጥመቅ ትተን በትንንሽ እንስራ በየሁለት ቀኑ መጥመቅ ጀመርን። ሥራው በእጥፍ ጨመረ። ወገቤ አሁንም ያስታውሰዋል።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው እትዬ አስካለ ድንጋይ መፍለጫው ድረስ በእግራቸው ሄደው ባሻን ጋበዙ። በማግስቱ ባሻ ከነሠራተኞቻቸው መጡ። ጓድ ወይንሸትም ደብተሯን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።

እትዬ አስካለ ቀምሰው ከመቅዳታቸው በፊት ቆም አሉ። "ባሻ፣ አስቀድሜ ልንገርዎ። ይሄ የላላ ነው። ገብሱ ግማሽ ነው። ቅራሪ ግን አይደለም፤ ከጥንስሱ ጀምሮ ለራሱ የተጠመቀ ነው። ካልወደዱት በአፍዎ ይንገሩኝ፤ ተነሥተው አይሂዱብኝ።"

"አንቺ ደግሞ ጠላ ትቀጂያለሽ ስንል ስብሰባ ከፈትሽ" አሉ ባሻ። ሁሉም ሳቀ፤ ጓድ ወይንሸት ሳትቀር።

ጠጡ። ጣሳውን ወደ ብርሃን አዘንብለው ቀለሙን አዩ። "ገብሱን ማነው የቆላው?"

"ዘነበች ናት" አሉ እትዬ አስካለ በእጃቸው እያሳዩኝ።

"አንቺ ነሽ ባለፈው ጢስ ያጠጣሽን?"

"እኔ ነኝ፣ ባሻ።"

"እሺ። ድገሚኝ።"

ደገምኳቸው፤ ሠለስኳቸው። በቀድሞው ጠላ ሦስተኛው ጣሳ ላይ ድምፃቸው ከፍ ይል፣ ወደ ሥራም መመለሱ ይቀር ነበር። ጓድ ወይንሸት ይህንን ታውቅ ስለነበር ቀረብ ብላ ጠየቀቻቸው።

"እንዴት ነው፣ ጓድ ግዛው?"

"ባሻ በይኝ። አይመታም።"

እትዬ አስካለ ማንቆርቆሪያውን ጨብጠው ቀሩ።

"ታዲያ አልወደዱትም?" አለች ጓድ ወይንሸት።

"ሦስት ጣሳ ጠጥቼ አልወደድክም ትይኛለሽ? አይመታም ነው ያልኩሽ። አለመምታቱም ትዝ ያለኝ አሁን ነው። ሆዴም አልከበደኝም።" ተነሥተው መዶሻቸውን ከበሩ ሥር አነሡ። "ኑ እናንተ፣ ቀኑ አልመሸም፤ ድንጋይ አለብን።"

ሁሉም አልረካም። ከሠራተኞቹ አንዱ "እኔ የምጠጣው ሐሳቤን ልረሳ ነው፤ ይሄ ጭራሽ ያስታውሰኛል" አለ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት መሄድ ጀመረ። ከሌሎቹ ደንበኞቻችንም እንደ እሱ የቀሩ ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር። ሌሎቹ ስድስት ሠራተኞች ግን ከባሻ ጋር በማግስቱም፣ ከማግስቱ ወዲያም መጡ። በወሩ መጨረሻ ቤቱ እንደ ድሮው ባይጨናነቅም ወንበር ሁሉ ተይዞ ነበር።

ጓድ ወይንሸት በዚያ ቀን መጥታ አግዳሚዎቹን አየች። "መጋዘን ፈላጊዎቹ ሌላ ቤት ይፈልጉ እላቸዋለሁ" አለች። እትዬ አስካለ "እግዜር ይስጥሽ፣ ወይንዬ" አሉ፤ ሰው መኖሩን ረስተው ነው። ጓድ ወይንሸትም አላረመቻቸውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ጠመቅሁ። ገብሱ ሲመለስ ጠንካራውንም የላላውንም ጎን ለጎን አቀረብን፤ ለእያንዳንዱ ጠጪ የትኛው እንደሆነ እየነገርን።

የተማርኩት ይህ ነው። የላላ ጠላ ሊጣፍጥም ሊያጠግብም ይችላል። ነገር ግን ከጠንካራው ትራፊ አይገኝም። ብቅሉ ተቀንሶ፣ ገብሱ በዝግታ ጠቁሮ ተቆልቶ፣ ለብቻው ተጠንስሶ፣ ሳይኮመጥጥ መጠጣት አለበት። ከጠንካራው ያነሰ ገብስ ይበቃዋል፤ ከጠንካራው የበለጠ ሥራ ይፈልጋል።