የወርቅውሃ ላይሰንስ

ጎረቤቴ ወርቅውሃ ደሴ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ራጅ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። ሜልበርን ስትመጣ ግን ያለ ላይሰንስ ማሽኑን መንካት ክልክል ነው ተባለች። ይሁን፤ ጨረር ነው፣ ቀልድ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ እየገፋች ተማረች። የጨረር ሕጉ በተለወጠበት በፈረንጆቹ 2007 የቀራት አንድ የተግባር ፈተና ብቻ ነበር፤ ሐሙስ።

ባሏ አዲሱ ማክሰኞ ክንዷን ሰበራት።

ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቅ ላይ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ሁሉንም ሰማሁ። መጀመሪያ ጥፊ፣ ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት። "ላይሰንስ ስታገኚ ልትረግጪኝ ነው?" ይላል፣ ይደግማታል። በሩን ብደበድብ ከፈተልኝ። ምድጃው ሥር ተኮራምታለች፣ አፏ ደም በደም ሆኗል። እጁን ቁርጥ ያድርገው! መጥረጊያውን ነጥቄ አንድ ጊዜ ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት፤ እስከ ዛሬ አልጸጸትም።

ስልኬን ሳወጣ ወርቅውሃ በደህናው እጇ ቀሚሴን ያዘች። "በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ፖሊስ አይጥሩ!" ቤቱ ፖሊስ የገባበት ሰው ላይሰንስ አይሰጠውም ብሎ አዲሱ አሳምኗታል። የሚያስታርቋቸው ሽማግሌ ጋሼ ካሣዬም "ገመናሽን ያዢ፣ ወረቀትሽ ይበላሻል" እያሉ ስንት ጊዜ መልሰዋታል። እኔም እውነት መስሎኝ ዝም ስል ነው የኖርኩት። ያን ቀንም ስልኩን መልሼ ከተትኩት።

አዲሱ አልለይም ስላለ እሷ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ሦስታችንም ሄድን። ራጅ ክፍል የጠበቀችን ፈረንጅ ሐሙስ የምትፈትናት አለቃዋ ነበረች። አዲሱ ቀደም ብሎ "ደረጃ ላይ ወድቃ ነው" አለ።

"ጨረር ሲለቀቅ ከበሽተኛዋ ጋር ማንም አይቆምም። ውጣ" አለችው።

"ባሏ ነኝ እኮ!"

"ውጣ።"

ወጣ። ከባዱ በር ተዘጋና ኮሪደር ላይ ከእሱ ጋር ቀረሁ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ወርቅውሃ ነገረችኝ። አለቃዋ ራጁን አሳየቻትና "እውነት ደረጃ ነው?" አለቻት። አንዱ አጥንት ብቻ፣ መሐሉ ላይ ተሰብሯል። ደሴ ሳለች ስንቱን አይታለች! የሚወድቅ ሰው መዳፉን ያስቀድማል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረውም አንጓው ጋ ነው። ይሄ ግን ዱላ ሲወርድበት ፊቱን የጋረደ ሰው ክንድ ነው። ያየችውን መካድ አቃታት።

"ባሌ ነው" አለች። "ፖሊስ ከመጣ ላይሰንሴ ይቀራል አይደል?"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ? እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ፈተናው ክንድሽ እስኪድን ይጠብቃል።"

አለቃዋ ስልክ አንስታ ጥበቃና ፖሊስ ጠራች። አዲሱ ጥበቃዎቹ ሲመጡ ባየ ጊዜ በሩን በእርግጫ ይለው ጀመር። "አንቺ ውሻ፣ ውጪ! እገልሻለሁ!" አንዱን ጥበቃ በቡጢ አፍንጫውን አደማው። ሦስት ሆነው መሬት ላይ አነጠፉት፤ ጥርሱ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።

በሩ ሲከፈት ወርቅውሃ ወደ እኔ መጣች።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ሦስት ዓመት የተደበደብኩት የሌለ ሕግ ፈርቼ ነው።"