ብሳናው የነበረበት ክፍል

«ንገሪኝ እስቲ፣ ይሄ እሳት የማን መሬት ላይ ነው የሚነደው?»

«የኛ!»

«እሱንማ ላሞቹም ያውቁታል። አዋሳኞቹን ጥሪያቸው።»

ልጅ ሳለሁ የአያቴ ተረት የሚጀምረው እንዲህ ነበር። አካኮ ነበር የምንለው፤ ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀባበሉ ነው የሚወሩት። ያኔ ቡልቡላ እርሻ ነበረች። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ጥቁር መረሬ አፈር እስከ ወንዙ ተዘርግቶ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ በየመሀሉም ጎጆ። የተወቃው ጤፍ አውድማ ላይ ሲሰነብት አካኮ ሲጠብቅ ያመሻል፤ እኛም ከሥሩ አንጠፋም። ኩበት ይነዳል። የሽምብራ እሸት ከነአገዳው ፍሙ ላይ እንጥልና እጃችንም ከንፈራችንም እስኪጠቁር እየፈለፈልን እንበላለን። ፋኖሱ ከጎኑ ነው፤ ጭሱ ደግሞ ሁልጊዜ እኔን መርጦ ነው የሚመጣው።

ተረት የፈለገ ልጅ በመጀመሪያ የማሳውን አዋሳኞች መጥራት አለበት። በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን፣ በሰሜን ማን። የተሳሳተ ጆሮውን ይቆነጠጣል። አካኮ ቁንጥጫውን ያመጣው ከአባቱ ነው፤ አባቱ በየድንበሩ ድንጋይ አጠገብ እያቆመው ቆንጥጦታል፣ የአባቱም አባት እንዲሁ። ቆንጥጦን ሲያበቃ የቆነጠጠውን ጆሮ በአውራ ጣቱ ያሽልናል።

በደቡብ ማን እንዳለ ግን ጠይቆን አያውቅም።

*

በደቡብ በኩል አንድ ብሳና ነበረ። ከሥሩ ያለችው ቁራሽ መሬት አትታረስም። በሬዎቹ እዚያ ሲደርሱ ሳይነገራቸው ይዞራሉ።

አንድ ምሽት ተራው የወንድሜ ነበር። ሦስቱን አዋሳኞች አንበለበላቸውና አፉ ስላልቆመለት «በደቡብ ደግሞ ማንም!» ብሎ ጨረሰ። ሳቅን። አካኮ ጆሮውን አልቆነጠጠውም። ተነሳና ፋኖሱን ለኛ ትቶልን ወደ ጨለማው ሄደ።

«ምን አልኩ?» አለ ወንድሜ።

እናቴ ነች የነገረችን፣ ቤት ስንገባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ሰው አለ። ታላቄ ናት፤ የአካኮ የመጀመሪያ ልጅ። እኔም አላየኋትም። ክርስትና ሳትነሳ ነው የሞተችው። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ስምም አልወጣላትም። በነጠላ ጠቅልሎ ራሱ ነው የቀበራት፤ ብሳናውንም የተከለው እሱ ነው።»

ይህን ቀድሜ የጻፍኩት አካኮ ዛሬ ከዓለም የሚፈልገው ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ ነው። መሬቱን መልሱልኝ አይልም። እዚያች ቦታ ሄዶ ትንሽ መቀመጥ ነው የሚፈልገው።

*

ስለ ሁለቱ ጎረቤታሞች የሚያወራውን ተረት ያህል የምወደው አልነበረም። በድንበር ድንጋይ ይጣላሉ። አንደኛው በጨለማ ድንጋዩን አንድ እርምጃ ወደዚያ ይወስደዋል፣ ሌላኛው በሚቀጥለው ጨለማ ይመልሰዋል። ቀን ሲገናኙ ደግሞ «እንዴት አደርክ ወንድሜ» ይባባላሉ፤ ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው። እንዲህ ሲሉ አረጁ። ድንጋዩ ከመንከባለል ብዛት እንደ ሎሚ ድቡልቡል አለ። ከዚያ አንደኛው ሞተ። ከቀብር መልስ የቀረው ሰውዬ ድንጋዩን ብድግ አደረገና ወደ ራሱ ማሳ አንድ እርምጃ አስገብቶ አስቀመጠው። ለሟቹ ጨመረለት ማለት ነው።

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ ማን ይመልስለት? ሰውዬው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ድንጋዩን አየው። አልተነቃነቀም። አየው። አልተነቃነቀም።»

ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ አውሮፕላን ይመጣል። በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ መብራቱ አውድማው ላይ ይሄድ ነበር። አካኮ ጣቱን ወደ ላይ ያቆማል፣ ተረቱም ቆሞ ይጠብቃል፤ ድምፁ ሲርቅ ጣቱን አጥፎ ካቋረጠበት ይቀጥላል።

ስንት ሰው እንደሚኖርም የሚያውቀው በጭስ ነው። ሲመሽ አውድማው ላይ ይቆምና ከየጎጆው የሚወጣውን ጭስ በዓይኑ ያዳርሳል። ያልጨሰ ቤት ካለ አንዳችን እንላካለን። «እትዬ ወርቄ፣ አካኮ ደህና ናት ወይ ብሎሻል» ስንላት «ዛሬ የትናንት ቂጣ በልቼ ነው፣ ለሽማግሌው ንገሩልኝ፣ እሳት ያላነደደ ሁሉ አልሞተም!» ትላለች እየሳቀች። ቢሆንም ወዲያው ጭስ ታወጣለች፤ ገለባ አቃጥላም ቢሆን።

*

ከተማው የመጣው በእግሩ ነው፣ ከሰሜን። መጀመሪያ ችካል፣ ቀጥሎ ጠጠር የጫነ መኪና። እትዬ ወርቄ ዘመድ ጋ ሄደች። በምሥራቅ ያለው ጎረቤታችን ጥበቃ ተቀጠረ፤ ራሱ ያርሰው የነበረውን መሬት በዱላ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። የምዕራቡ የት እንደገባ አላውቅም።

እኛ ቤትም ንብረት የሚመዘግቡት መጡ። ጎጆው ተጻፈ። ባሕር ዛፉ ተጻፈ። ብሳናው ተጻፈ።

«አባት፣ ሌላ አለ?» አለ አንደኛው፣ አንገቱን ሳያነሳ።

አካኮ ብሳናውን አየ። እናቴ አካኮን አየችው።

«የለም» አለ።

ለምን እንዲያ እንዳለ እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃዋለች። «በማን ስም ላስጽፋት?» ነው ያላት።

*

አሁን ሰሚት እኔ ጋ ነው የሚኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። እናቴ ካረፈች በኋላ ወሰድኩት። ሲመሽ በረንዳ ላይ ይቆማል። የሚጨስ ቤት የለም፤ ደህና መሆኑ የሚታወቅም ሰው የለም።

አንድ ቅዳሜ «ቡልቡላ ውሰጂኝ» አለ። በሚኒባስ ሄድን። ሕንፃ ብቻ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቁጥር የተጻፈባቸው። እኔ ወንዙን ካየሁ በኋላ ቦታው ጠፋብኝ። እሱ ግን አልጠየቀኝም፤ አውሮፕላን እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ፣ በየት በኩል እንዳለፈ አየ፣ ከዚያ በሕንፃዎቹ መሀል ቀጥ ብሎ ሄደ። ምድር ቤት ያለች አንዲት መስኮት ሥር ሲደርስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

አንዲት ሴት ሻርፗን እያስተካከለች ብቅ አለች። በኋላ እንደነገረችን ዘሀራ ትባላለች፤ ከወሎ ነው የመጣችው፣ ባሏ የሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ቤቱንም የተከራዩት ነው።

«አባባ፣ ፀሐዩ አይበረታብዎትም? ሰው ጠፍቶብዎት ነው?»

«አዎ» አለ አካኮ።

«ማን?»

«ልጄ።»

«ያ ረቢ!» ዘሀራ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። «ስንት ዓመቷ ነው? ምን ለብሳለች? አንቺ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ፣ ለጥበቃዎቹ ንገሪ እንጂ!»

«ነጠላ» አለ አካኮ። «ነጠላ ነው የለበሰችው።»

እኔ ነገርኳት። አጭር ነገር ነው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ዘሀራ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ይግቡ።»

አካኮ ሳሎኑን አልፎ ጓዳ በኩል ያለው ክፍል ገባ፤ ማን እንዳሳየው እንጃ። ሁለት ፍራሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ግድግዳው በእርሳስ ተሞነጫጭሯል።

«ልጆቼ የሚተኙበት ነው» አለች ዘሀራ፣ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሆና።

«እንዲያ ከሆነማ» አለ አካኮ፣ «ብቻዋን አይደለችማ።»

*

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሄድ ነበር። ዘሀራ ፍራሹ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ልጆቿም አጠገቡ ይኮለኮላሉ። እንደኛ አዋሳኞቹን አስጠርቶ ስለ ድንጋዩ ያወራላቸዋል። ድሮ እንዴት ይቆነጥጠን እንደነበር ይነግራቸዋል እንጂ ጆሯቸውን አይነካም፤ የሰው ልጆች ናቸው። ትንሿ ግን አንድ ቀን ወንድሟ ሲሳሳት አይታ ራሷ ቆነጠጠችው፣ ግቢውም በለቅሶ ተናወጠ።

«አባባ፣ ልጆቼን ዱርዬ አደረጉብኝ!» አለች ዘሀራ። አካኮ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ተረቶቹን እችላቸዋለሁ፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ብናገራቸው ግን ተረት ብቻ ነው የሚሆኑት፤ ከእግሬ ሥር ያለው የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚቆነጥጠኝ የለም። ቢሮ ጉርድ ሾላ፣ ቤት ሰሚት፤ ሁለቱም ቦታ በምሥራቅ ማን እንደሚኖር አላውቅም። ከልጅነቴ የቀረኝ ይህ ነው፤ የትም ብቆም ሦስት አዋሳኝ ፈልጎ የሚያጣ ጆሮ።

*

ዘሀራ የደወለችልኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። «እህቴ፣ አከራዩ ቤቱን ሸጦታል። ዛሬ ነው የምንወጣው። አባባን አምጫቸው በአላህ፣ ከዛሬ በኋላ እኔ የማስገባበት በር የለኝም።»

ስንደርስ አይሱዙው ተጭኖ አልቋል፤ ፍራሾቹ ከላይ ናቸው። የዘሀራ ልጆች አካኮ ጉልበት ላይ ተጣበቁ። እሷ ራሷ ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ስትል አንገቷን ይዞ ቀና አደረጋት።

«አዲሶቹን ሰዎች አነጋግሬልዎት ነበር አባባ» አለች። «ወላሂ ለምኛቸዋለሁ። ዕቃ ማስቀመጫ ልናደርገው ነው አሉ። ሰው አይኖርበትም አሉ።»

«ይሁን ልጄ። አንቺን ያኑርሽ።»

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ትንሿ መኪናው ላይ ሆና እጇን ስታውለበልብ ነበር፣ እስኪታጠፉ ድረስ።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ቁልፍ ይቀይራል። የእንጨቱ ብናኝ ጫማው ላይ ተበትኗል። አካኮን ሲያይ መሰርሰሪያውን አጠፋ።

«አባት፣ የረሱት ዕቃ አለ?»

«ትንሽ ልግባ።»

ልጁ እኔን አየኝ። ቀና ልጅ ነው። «ይግቡ፣ ግን ቶሎ ይበሉልኝ። ባለቤቶቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

ልከተለው ስል አካኮ መዳፉን አሳየኝ። «አንቺ እዚህ ሁኚ።»

ቆየ። ልጁ አዲሱን ቁልፍ ገጠመ፣ ሞከረ፣ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ እንደገና ሞከረ። ስልኩን አየ። ከውስጥ ምንም አይሰማም ነበር፤ ባዶ ቤት ነው፣ እህም ቢባል እንኳ ይሰማል።

አካኮ ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ጉልበቱ ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ። ልጁ ቁልፎቹን ሰብስቦ በሩን ለመግፋት እጁን ሲዘረጋ አካኮ ክንዱን ያዘው።

«ተወው ልጄ፣ እኔ እዘጋዋለሁ።»

ባርኔጣውን ለኔ ሰጠኝ። እጀታውን በሁለት እጁ ያዘና፣ እስትንፋሱን ውጦ፣ የተኛ ልጅ ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ አድርጎ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው። መዝጊያው ገጠመ፤ ድምፅ አላሰማም።