በጆሮ የሚነበብ ምንባብ

በእኛ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ ካንግ ሱላን ግን የሁላችንንም ድርሻ ጠቅልላ ትጨነቅ ነበር። እሷ እንግሊዝኛ፣ እኔ ጂኦግራፊ እናስተምራለን፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። የሻይ ብርጭቆዋ ክዳን ሲንቀጫቀጭ ከሰማሁ፣ የሞዴል ፈተና ውጤት እንደ ደረሰ ቀና ሳልል አውቃለሁ።

ተማሪዎቹ "ወንፊቷ" ይሏታል። ምንባብ የምታስተምረው እየነፋች ነውና። "ጥያቄውን አስቀድሙ፤ ምንባቡ የትም አይሄድባችሁም። 'ሁልጊዜ' ወይም 'በፍጹም' የሚል ምርጫ ካያችሁ ጠርጥሩ። የእናንተን ሐሳብ ማንም አልጠየቃችሁም፤ የጸሐፊውን ፈልጉ።" በዚህ መንገድ የስንቱን ገበሬና የስንቱን ሾፌር ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች። በእኛ ወረዳ ከበቆሎ ማሳው መውጫው በር ይኸው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው፤ ከፈተናው ደግሞ ልጆቻችንን የሚጥላቸው የእንግሊዝኛው ምንባብ፣ በተለይም አራተኛው፣ የመጨረሻው ነው።

የካቲት ላይ ከአዲስ ዓመታችን፣ ከጸደይ በዓል፣ ዕረፍት እንደ ተመለስን፣ ሱላን በእጇ አየሩን መታ መታ ማድረግ ጀመረች።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ይቺ ዝንብ አላስቀምጥ አለችኝ።"

"በዚህ ብርድ ምን ዝንብ አለ? አንቺ ዝንብም ልታስፈትኚ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ቆይቶ ግን ዝንቧ ብዙ ሆነች፤ ከጎን በኩል መብረቅ የመሰለ ብልጭታ ታከለባት። ሚያዝያ ላይ ከቀኝ ዓይኗ ታች ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ግራ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ በኩፍኝ የተጎዳ ነው፤ የሰውን ጥላ ከመለየት አያልፍም። የምታነበው በቀኙ ብቻ ነበር።

እሑድ ቀን አስገድጄ ወደ ክፍለ ሀገራችን ዋና ከተማ ላንዡ ወሰድኳት። የመረመረቻት ሐኪም የልጆቻችን እኩያ ብትሆን ነው፤ ነገር ግን ቃል አታባክንም። "የዓይንዎ የውስጥ ሽፋን ከቦታው እየተላቀቀ ነው። መሐሉ ጋ ሳይደርስ በዚህ ሳምንት ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል" አለቻት።

"ሰኔ ላይ እመጣለሁ። ልጆቼ ሰኔ ላይ ይፈተናሉ" አለች ሱላን።

"እናቴ፣ ዓይን ሰኔ ይሁን መስከረም አያውቅም።"

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ከተማችን ድረስ ለመንኳት፤ ተቆጣሁ፤ እንደገና ለመንኳት። እሷ መስኮቱን ይዛ "ማን ይተካኛል?" ትላለች። እውነቷን ነበር፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ እንደ ዝናብ የሚጠበቅበት አገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዷ ባልደረባችን ለወሊድ በመጋቢት ወጥታ፣ ክፍሉ በውጤት ወደቀ፤ ወላጆች እስከ ዛሬ ስሟን አያነሡትም፤ "ያቺ ጥላቸው የሄደችው" ነው የሚሏት።

"እኔንም እንደዚያ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው?"

"በዓይንሽ ኖረሽ የፈለጉትን ቢሉሽ ይሻላል።"

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ስትገባ ወረቀቱን ትይዘዋለች እንጂ አታየውም። የጥያቄው ፊደል ደቂቅ ነው፤ መጋረጃው ደግሞ በየቀኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ ልጆቹን ማስነበብ ጀመረች። አንዱ ተነሥቶ ምንባቡን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌሎቹ ወረቀታቸውን ገልብጠው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ አንዱ በራሳችን ቋንቋ፣ ለእናቱ እንደሚያወራ አድርጎ፣ ሰውየው ምን እንዳለ ይናገራል። ጥያቄው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ወንፊቷ ወንፊቷን ጣለች ማለት ነው።

ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ከሁሉም የከበዳት ሃኦ ፔይሊን ነበረች። አባቷ በአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ጎማ ይጠግናል፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ ፊተኛ በመሆኗ ለጎማ አስጠጋኙ ሁሉ ሳያወራ አይሸኝም። ፔይሊን የሱላንን ዘዴዎች ከሱላን በላይ ታውቃቸዋለች፤ ከምንባቡ የምትፈልጋትን ቃል ነጥቃ፣ ምርጫውን አጥቁራ ታልፋለች። አራተኛው ምንባብ ላይ ግን ትቆማለች። በመጋቢቱ ሞዴል መልስ ሳትጽፍበት አስረክባ ነበር።

አንድ ቀን ሱላን አስነሣቻት። ምንባቡ ጫጫታ በበዛበት ከተማ ስለሚኖሩ ወፎች ነበር። ፔይሊን አንድም ቃል ሳትሳሳት አነበበችው።

"ጎሽ። በይ አሁን ንገሪን።"

ልጅቷ ወረቀቱን እንደገና አየች። እኔ በመተላለፊያው ሳልፍ ነው የሰማሁት።

"ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ቲቸር" አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ እየወረደ። "ግን ምን እንዳለ አላውቅም።"

ሱላን በዚያ ቀን ምሳ አልበላችም። የስጋ ሾርባ ኑድሏ እፊቷ እያበጠ፣ "ዌን፣" አለችኝ፣ "ሃያ ስድስት ዓመት ምን ሳስተምር ነው የኖርኩት?" ሾርባውን ወደ እሷ ገፋ አድርጌ "ብዪ" ብቻ አልኳት።

የሚያዝያው ሞዴል ውጤት ሲመጣ ክፍሉ ወረደ። ልጆቹ መረዳት ጀምረዋል፤ ፍጥነታቸው ግን ቀንሶ ብዙዎቹ ሳይጨርሱ ደወል ተደውሎባቸዋል። ወሬው ወላጆች ጋ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ጂያ ስብሰባ ጠሩ፤ ወላጆቹ ልጆቻቸው በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ፤ እኔም ከኋላ ቆምኩ።

መጀመሪያ የተነሣው የፔይሊን አባት ሃኦ ነው፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የጎማ ጥላሸት እንዳለ። "መምህር፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ግን ፈተናው በዝምታ ነው የሚሠራው አሉ። እርስዎ ደግሞ እንደ ገበያ ያስጮኋቸዋል። ልጄ ቤት መጥታ ታለቅሳለች።"

"ወረቀቱን ራሷ አታነበውም፣ በልጆች ታስነብባለች ይላል ልጄ" አለች አንዲት እናት ከመስኮቱ ዳር። "አንድ ቀንማ ገልብጣ ይዛው ነበር አለ።"

አንዳንዱ ሳቀ። ሃኦ አልሳቀም። እፊቱ የነበረውን የሞዴል ወረቀት አንሥቶ ወደ መድረኩ ሄደና በሁለት እጁ ሰጣት። "እስቲ ከዚህ ላይ አንድ መስመር ያንብቡልን። ጥርጣሬው እንዲወጣልን ያህል ነው።"

ሱላን ወረቀቱን ተቀበለች። ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፤ መልሳ አራቀችው።

"አይታየኝም" አለች። "ከየካቲት ጀምሮ እየጠፋ ነው። አሁን ከመሐሉ በታች ምንም የለም።"

ያዝኑላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ግን ፍርሃት ነው። "ፈተናው ደጃፋችን ደርሶ? ታዲያ ማን ሊያስተምራቸው ነው?" አለች የመስኮቷ እናት። ጂያ ላባቸውን ጠረጉ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

ሃኦ እዚያው መድረኩ ላይ ቆሞ ያያታል። "ሐኪም አይቶታል?"

"ወዲያው ይሠራ ብለውኛል።"

"እና እዚህ ምን ይሠራሉ?" ጮኸባት፤ አፍ አውጥቶ ጮኸባት። "ልጄ በእርስዎ ዓይን ዋጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ያንን ትምህርት በምን አንጀቷ ትማረዋለች? ቦርሳዎን ይያዙ። መኪናዬ ውጭ ነው።"

"የነገው ክፍል—"

"ቦርሳዎን!"

እኔ ነኝ ቦርሳዋን ያመጣሁት። ወላጆቹ መንገድ ለቀቁ፤ የመስኮቷ እናት እንኳ ተነሥታ በሩን ያዘችላት። በዚያች የጎማ ሽታ ባላት ትንሽ የጭነት መኪና ሦስታችን ተጨናንቀን ላንዡ ገባን። ሆስፒታሉ በር ላይ ሃኦ፣ "ወረቀቱን ሰው ፊት ባልሰጥዎት ጥሩ ነበር" አለ፤ እሷም "ሌላ ሰው ቢሰጠኝ ኖሮ አልናገርም ነበር" አለችው።

ያቺ ወጣት ሐኪም ስታያት ከንፈሯን ነከሰች። ሽፋኑ መሐሉም ላይ ተላቅቆ ነበር። "እንሞክራለን። ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ቃል አልገባም" አለች። ዓይኗን ሠርተው ውስጡን በጋዝ ሞሉት፤ ጋዙ ሽፋኑን ወደ ቦታው እንዲገፋው ሁለት ሳምንት በሆዷ ተደፍታ፣ ፊቷን ወደ ወለል አድርጋ መተኛት አለባት ተባለ። ቀና ካለች የተሠራው ሁሉ ሊበላሽ ነው። በላተኛ ሰው አልነበረችም፤ እንደዚያ ተደፍታ ስትጎርስ ማየት ግን ለጠላትም አይስጥ።

ጂያ ክፍሉን ለአንድ ጀማሪ መምህር ሰጡት፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ የራሱ ሁለት ክፍሎች ግን አሉበት። ሱላን በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። "የማለዳ ንባብ ላይ ማን አለ?"

"ማንም። በየራሳቸው እያነበቡ ይጮኻሉ።"

"ስልክሽን ክፍል ውስጥ አስቀምጪልኝ።"

ተማሪ ስልክ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የመምህር ስልክ ግን መምህር ነው ብዬ ጂያን አስፈቀድኩ። ማለዳ ማለዳ ልጆቹ የተቀቀለ እንቁላላቸውን በደረቅ ዳቦ እየጎረሱ ሲገቡ፣ ስልኬን መድረኩ ላይ አቆማለሁ። አንዱ ያነባል፤ ሱላን ከላንዡ፣ ፊቷን በተቦረቦረ ትራስ ውስጥ ደፍታ ታዳምጣለች።

"ቲቸር፣ ድምፅዎ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል" አላት አንዱ ቀልደኛ።

"ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ዝም ብለህ አንብብ፤ ሁለተኛውን አንቀጽ ዘለኸዋል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም አንቀጽ የሚዘል አልነበረም። ወረቀት የማታይ ሴት እንዲገባት አድርጎ ማንበብ ማለት፣ አስቀድሞ ለራስ መረዳት ማለት ሆነባቸው። እያደር ፍጥነታቸውም ተመለሰ።

ፔይሊን ግን አልተነሣችም። "ታማለች እንዴ? ትታኝ ይሆን?" ትለኛለች ሱላን በየቀኑ፤ ስለ ገዛ ዓይኗ ያነሣችበት ቀን የለም። ልጅቷን ጠርቼ አናገርኳት። "አባቴ በሰው ፊት አዋረዳት። በምን ፊቴ ነው የማነብላት?" አለችኝ።

"እሷ ፊትሽን አታይም። ድምፅሽን ነው የምትጠብቀው" አልኳት።

በማግስቱ ተነሣች። አራተኛው ምንባብ ነበር፤ ስለ አንዲት ደሴት ነዋሪዎችና ስለ አንድ የፈረሰ ድልድይ። አነበበች። አንድ ረዥም ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሱላን እንድትረዳት በሆዴ እለምናለሁ። ከስልኩ የመጣው ግን "አለሁ" የሚል ብቻ ነው። ፔይሊን ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረችው፤ ቀስ ብላ ሰባበረችው፤ ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ፣ "ድልድዩ እንዲሠራላቸው አይፈልጉም" አለች። "ጸሐፊው መጀመሪያ ሞኞች ናቸው ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ራሱን ታዘበ።"

ስልኩ ተቋረጠ ብዬ ስሮጥ፣ "ቀጥሎ ማነው?" አለች ሱላን፤ አፍንጫዋ እንደ ተዘጋ ሰው።

የእንግሊዝኛው ፈተና ከሰዓት በኋላ ነበር። እንደ ልማዳችን መምህራኑ ለመልካም ዕድል ቀይ ለብሰን በር ላይ ቆመናል። ሱላንም ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ በቀይ ቀሚሷ ክንዴን ይዛ መጣች። ልጆቹ እያለፉ እጇን ይነካሉ፤ እሷ በድምፃቸው እየለየች በስማቸው ትጠራቸዋለች። በሩ ተዘጋ። ሃኦ ሲጋራ አውጥቶ ሳይለኩስ ያኝከዋል። ሲወጡ ፔይሊን ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበረች፤ ፊቷ የወረቀት ያህል ነጥቷል። "ምንባቡን ጨርሻለሁ። በማዳመጥ ፈተናው ላይ ግን ሁለት ጥያቄ አመለጠኝ" ብላ አባቷ ትከሻ ላይ ተደፋች፤ ውጤቱ እስኪመጣም እሷም አባቷም ሱላንም እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ተአምር አልሆነም። ክፍሉ ከሌሎቹ እኩል ወጣ። ፔይሊን አባቷ ሲያወራበት የነበረው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ አልደረሳትም፤ ላንዡ የመምህራን ትምህርት ገባች። ሃኦ መጀመሪያ አኮረፈ፤ አሁን ለጎማ አስጠጋኙ ሁሉ "መምህር ልትሆን ነው" ይላል። ሁለት ልጆች ወደቁና ዓመቱን ደገሙ፤ ሱላን እስከ ዛሬ የእነሱን ስም ነው የምታነሣው።

ዓይኗ የተመለሰው በከፊል ነው። ትልልቅ ፊደል በማጉያ መነጽር ታነባለች፤ ፊት ትለያለች፤ ቀጥ ያለ ነገር አንዳንዴ ይታጠፍባታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተወስዶባት ለዘጠነኛ ክፍሎች ማንበብና መናገር ታስተምራለች። ሐኪሟ ዳግም ሊላቀቅ ይችላል ብላታለችና፣ በየማለዳው ሥራ ስትገባ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና የቢሯችንን የመስኮት ጠርዝ ታያለች። እኔ ሻዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

"ዛሬ ቀጥ ብሏል" ትላለች፤ ከዚያ ጠመኔዋን ይዛ ትወጣለች።