የጋሽ ምልዓት የመጨረሻ ጥሪ

የእውነት ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ። ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ምልዓት» ብሎ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ለማለት። የአካባቢው አስተዳደር ኮሚቴ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ስብሰባ መጀመር አይችልም። ጎደሎውን በእግሩ እየዞረ የሚሞላው እሱ ነበራ!

ደንቡ ግልጽ ነው። ጥሪው ከስብሰባው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ፣ ለአባሉ በራሱ እጅ ይሰጣል። ለጎረቤት መተው የለም፣ በበር ሥር ማሾለክ የለም። ጋሽ ምልዓት ደግሞ ደንብ ሲወድ ለጉድ ነው። አናጢው መሰላል ላይ ሆኖ «እዚያው አስቀምጥልኝ» ቢለው፣ «በእጅ ነው የሚለው» ብሎ ራሱ መሰላሉን ይወጣል። ሚስቱ «እስቲ እኛም ጥሪ እንላክልህ፣ እራት ላይ እንድትገኝ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

አይ ያ ዘመን! በየበሩ «እስቲ አረፍ በል» ይባላል። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ስብሰባው ሳይጀመር ያውቃል። ሰውም ተከብሮ ተጠርቷልና ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። ያንን ጊዜ ሳስበው ሆዴ ይባባል፣ ምን ልደብቅ።

ታዲያ አዲስ ሊቀመንበር መጣችና «ጥሪ በስልክ መልእክት ይሁን፣ የጠሪነት ሥራ ይቅር» አለች። ይህንኑ ለመወሰን ስብሰባ ተጠራ። ነባሩ ደንብ ገና አልተሻረምና፣ የገዛ ሥራውን የሚሽረውን ጥሪ በየቤቱ ያደለው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ጋሽ ምልዓት! ጉድ እኮ ነው።

በስብሰባው ቀን ለምልዓተ ጉባኤው አንድ ሰው ጎደለ። ከአባላቱ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ ቀረች። «ካልመጣች እንበተናለን፤ ጉዳዩም ለከርሞ ይተላለፋል» አለች ሊቀመንበሯ ተበሳጭታ። ጋሽ ምልዓት ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ሲገባ የስፌት መኪናዋ ፊት ባዶ እጇን ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ምነው ቀሩ? አንድ ሰው ጎድሎ እኮ ነው፤ እርስዎ ነዎት።»

«አውቄ ነዋ የቀረሁት! እኔ ካልመጣሁ ይበተናል። ከተበተነ ሥራህ አለ።»

«ደንቡ ግን...»

«ተወኝ ከነደንብህ! አንተ ከቀረህ ይሄን በር የሚያንኳኳ ማን አለ? እስቲ ንገረኝ!»

ተመልሶ «አላገኘኋትም» ቢል ማን ይጠይቀዋል? ሥራውም ይተርፍለታል። ወደ ደጃፉ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«እትዬ፣ ይምጡና ያሰቡትን እዚያው ይናገሩ» አላት በመጨረሻ። «እርስዎ ቀርተው ካሸነፍን፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አንኳኳሁ?»

እያጉረመረመች ጫማዋን አጠለቀች።

ምልዓተ ጉባኤው ሞላ። ድምፅ ሲቆጠር፣ ለተቃውሞ የወጣው የእሷ እጅ ብቻ ነበር። አናጢው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ከብዙኃኑ ጋር እጁን አነሳ። ጋሽ ምልዓት ወንበሮቹን እየሰበሰበ «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» ሲል ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲደርስ ጥሪው በስልክ ተላከ። ጋሽ ምልዓት የዚያን ቀን ጢሙን ተላጨ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ሚስቱ ወዴት ስትለው ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እግሩ የልብስ ሰፊዋ በር ላይ አደረሰውና አንኳኳ።

«ስብሰባ አለ፣ እትዬ። ማክሰኞ ከሰዓት።»

«ስልኬ ጠዋት ጮኾ ነበር» አለች።

«እንግዲያ ያውቁታላ» አለና አፍሮ ዞር ሊል ሲል፣

«ጮኸ እንጂ መች ጠራኝ!» አለችው። «ና ግባ፣ አረፍ በል።»

ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።