የሀዲጃ ምስር ሳምቡሳ

በልጅነቴ ዲላ ውስጥ በእጅ ይዞ የሚበላ ነገር የሚሸጥበት ቦታ ብዙ አልነበረም። መናኸሪያው በር ላይ ፓስቲ የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። ድንች ጠብሶ ከዳጣ ጋር በዳቦ የሚሸጥ ሰውዬ ቆይቶ መጣ። ሁሉንም እወድ ነበር። የምመዝናቸው ግን በሀዲጃ ሳምቡሳ ነው፤ ሲቀርብልኝ ከእሷ ይበልጣል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፣ አይበልጥም፣ እበላዋለሁ።

ቤቷ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበረች። ጠባብ ናት፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ላስቲክ የለበሰ አንድ ጠረጴዛ ይዛ ሌላ ነገር አይገባባትም። ምድጃው በሩ ላይ ስለሆነ አላፊው ሁሉ ሀዲጃን ከነሥራዋ ያያታል። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነበረች። ከወልቂጤ በኩል በጋብቻ መጥታ ባሏ ቢሞትም ዲላ ቀረች። ሊጡን ዳምጣ ትንሽ ምጣድ ታሳየዋለች፣ ትቆርጠዋለች፣ ከዚያ በሁለት ጣት እንደ ኪስ አጥፋ ምስሩን ትሞላበታለች። ጥድፊያ የሚባል ነገር አይታይባትም፤ ግን ዞር ብላችሁ እስክትመለሱ ሳህኑ ሞልቷል።

አባቴ አቶ ታዲዮስ አስተማሪ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እጄን ይዞ ወደ እሷ ይወስደኛል። ሳምቡሳው የሚቀርበው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ነው፤ ዘይቱ ሲነካው ከኋላው ያለው ጽሑፍ ጭምር ይነበባል። አንድ ቀን አባቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳና፣ «ይሄንን ልጅ ዜሮ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ውጤቱን ይተዉት መምህር» አለችው ሀዲጃ፤ «ሳምቡሳውን ይብሉ። እሱ አልወደቀም።»

እዚያ ቤት ያልተቀመጠ ዓይነት ሰው አልነበረም። ቡና የሚጭኑ ሰዎች፣ እንደኛ ያሉ የጌዴኦ ጴንጤዎች፣ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች። ይርጋ የሚባል ከጨለለቅቱ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ሰውም ነበር፤ ዳጣውን በቀመሰ ቁጥር ዓይኑን እየጠረገ «ይህቺ ዳጣ ሰው ትገላለች» ይልና ይጨምርበታል። ለምትጾም ሚስቱ ሳያስጠቀልል ወደ ቤቱ ተመልሶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጠረጴዛ የሚበላው ሀዲጃ ሥጋ ስለማታስገባ ነው። በኛ ከተማ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የተለያየ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ያጠባል፣ ያለቅሳል፣ ይደግሳል፣ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደ የራሱ ድስት ይዞራል። ታናሽ ወንድሟ ሙሐሲን በየጊዜው «ሥጋ ጨምሪበት፣ ቤቱ ያድግልሻል» ይላታል። መልሷ አንድ ነው፦ «ምስርን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ከሁሉም ደንበኞች የምትበልጠው ጎረቤቷ እትዬ ሙሉወርቅ ነበረች። ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ወፍራም ናት፣ ምላሷ ሹል ነው፣ ጾሟም የጠነከረ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ አፏ የሚገባው የሀዲጃ ሳምቡሳ ነው።

«ዛሬ ምስሩን ቀንሰሻል» ትላለች እያኘከች። «ሊጥ ነው የምታጎርሺን።»

«እትዬ፣ ሆድ ብቻ ነው እንዴ የሚጾመው? ምላስዎም ይጹም እንጂ።»

«ምላሴ ከጾመማ ሱቄን ዘጋሁ ማለት ነው።»

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ የሁዳዴ ዓርብ ነው። ሐሙስ ዕለት ከሙስሊም ነጋዴዎች የአንዱ ልጅ ሰርግ ነበርና ሙሐሲን የሥጋ ሳምቡሳ ትእዛዝ ተቀብሎ ነበር። ሀዲጃ የፈቀደችው ሥጋው ወደ ሱቋ ድርሽ እንዳይል፣ እቤቱ በሌላ መጥበሻ እንዲጠበስ ብላ ነው። እሱም ቃሉን ጠብቆ እቤቱ ጠበሰ።

ዓርብ እኔና አባቴ በልተን ጨርሰን ዝናብ ይዞን ተቀምጠናል። እትዬ ሙሉወርቅ ድርሻዋን በልታ ወደ ሱቋ ተመልሳለች። ሙሐሲን ልብሱን እያራገፈ ገባ።

«ዘይት በቃሽ?» አላት።

«በቃኝ። ትናንት ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ ጀሪካኑን ሳነሳው ከበደኝ።»

«እኔ ነኝ የሞላሁልሽ። የሰርጉ ተርፎ ነው። በጨርቅ አጥልዬዋለሁ፣ ንጹህ ነው።»

ሀዲጃ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ መጥበሻውን ከነሳምቡሳው ከእሳቱ ላይ አወረደችው።

«ሥጋው የተጠበሰበት?»

«እና? ዘይት እኮ ነው፣ ሥጋ አይደለም። እንዲሁ ይደፋ?» አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ ግን የሠራው ሥራ ገባው። ወደ እኛ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በምስርና በቃሪያ ሽታ ማን ያውቀዋል? አሁን ድፊውና ዝም በይ። ማንም አያውቅም።»

እሷ አባቴን ተመለከተችው። «መምህር፣ ሰምተዋል።»

አባቴ ጾም የለበትም፤ ነገር ግን እትዬ ሙሉወርቅ ይህን ብትሰማ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሁዳዴ ላይ ሥጋ፣ ያውም የእስላም ሥጋ። ለእሷ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። ወሬው ከወጣ ደግሞ እነዚህ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ፣ ሀዲጃም ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

«አልሰማህም ካልሽኝ አልሰማሁም» አላት አባቴ።

«እኔ ግን ሰማሁ» አለች።

ሻሿን አጠበቀችና ዝናቡ ውስጥ ወጣች። በጣም የሚከብደውን አስቀደመች፤ የሄደችው ወደ ጎረቤቷ ነው። እኔ ተከትያት በሩ ጋ ቆምኩ። እትዬ ሙሉወርቅ ክር ታጠነጥን ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ የበሉት ሳምቡሳ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ነው የተጠበሰው። አሁን ነው ያወቅሁት። አፉ ይበሉኝ።»

የእትዬ ሙሉወርቅ እጅ ክሩ ላይ ቀረ። «የማን ሥጋ?» አለች።

«የኛ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ ሙሉወርቅ ብዙ ጊዜ ስትቆጣ ትጮሃለች። ያን ቀን አልጮኸችም።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«በልተው እንዴት ዝም እልዎታለሁ?»

«ሂጂልኝ» አለች እትዬ ሙሉወርቅ። «በይ ሂጂልኝ።»

ሀዲጃ ሄደች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ዳምጠው፣ ከዚያ ወደ ቡና ጫኞቹ። በሄደችበት ሁሉ ያንኑ ቃል ነው የምትለው፤ ሙሐሲን ነው ያጠፋው አትልም፣ ሳላውቅ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አትጨምርም። አንዱ ሳቀባት፣ አንዱ ተፋ፣ አንዱ «ዘይት ምን አለው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሙሐሲን ምድጃው ጋ ቆሞ እጁን ያሞቃል።

«ይርጋ ለሚስቱ አስጠቅልሎ ሄዷል» አለችው። «ሞተርህን አስነሳ።»

«ጨለለቅቱ? በዚህ ጭቃ? ዝናቡ ያባራና እሄዳለሁ።»

«እስኪያባራ እኮ ትበላዋለች።»

«ከቀደመችኝስ?»

«ከቀደመችህ ትነግራታለህ፣ ካልቀደመችህ ትቀበላታለህ። በል።»

ሄደ። ማታ ላይ ከጭቃው የተነሳ ዓይኑ ብቻ እየታየ መመለሱን፣ የይርጋ ሚስት ሳምቡሳውን ሳትነካው እንደደረሰባት፣ ከዚያም እሳት ዳር አስቀምጣ በቆሎ ጠብሳ እንዳበላችው ኋላ ራሱ ሲያወራ ሰምቻለሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ነበር። ወሬው ከገበያተኛው ጋር እስከ ገጠር ቀበሌዎቹ ወረደ። አውቃ ነው ያለ አለ፤ ሁልጊዜም እንዲህ ታደርግ ነበር ያለም አለ። እትዬ ሙሉወርቅ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። ምን እንዳዘዙላት ለማንም አልተናገረችም፤ የሀዲጃን በር ስታልፍ ግን ፊቷን ወደ ወዲያኛው የመንገዱ ዳር ታዞራለች።

ሀዲጃ ዘይቱን ደፋች፣ ጀሪካኑንም መጥበሻውንም ጣለች፣ አዲስ ገዛች። ቤቷን አንድም ቀን ሳትዘጋ ትቀመጣለች። ጥቂት ትጠብሳለች፤ ያም ይተርፋል። እኔና አባቴ ዓርብ ዓርብ መሄዳችንን አላቆምንም። ድሮ ቦታ በማናገኝበት ወንበር ላይ አሁን እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ስፋቱን ግን አልወደድኩትም።

በዚያ ሰሞን ሙሐሲን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ክፉ አልነበረም።

«አሁን የቀሩሽ የኛ ሰዎች ብቻ ናቸው» አላት። «ከሆነ አይቀር ሥጋውን እንጀምር። በሳምንት ቤቱ ይሞላል።»

ሀዲጃ ሊጥ እየዳመጠች ነበር። ቀና ሳትል መለሰችለት።

«ሥጋ የጀመርኩ ቀን እነሱ መመለሻ አይኖራቸውም።»

«አይመለሱማ።»

«አለመመለስ የእነሱ ነው። በሩን መዝጋት ግን የኔ ይሆናል።»

ወደ ቤት ስንመለስ በራችን ላይ አባቴ፣ «ሴትየዋ ጠንካራ ናት» አለ። አባቴ ይህን ስለ ብዙ ሰው አይልም።

ፋሲካ አለፈ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጎርፍ ሆነ። ፍልሰታ ሲገባ፣ ልጅ እንኳ የሚጾምበት ወቅት ነውና፣ ድሮ ቢሆን የሀዲጃ በር በልጆች ይጨናነቅ ነበር። የዚያን ዓመት ከሰዓት በኋላ ባዶ ነበር። ጥቂት ቀን እንዲሁ አለፈ። ከዚያ አንድ ዓርብ እኛ ተቀምጠን እያለን እትዬ ሙሉወርቅ በሩ ላይ ቆመች። በአንድ እጇ በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ መጥበሻ፣ በሌላው ክዳኑ ያልተከፈተ ዘይት ይዛለች።

ሰላምታ የለም። ጋዜጣውን ገፈፈችና መጥበሻውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«በየጾሙ በዚህ ጥበሺ» አለች። «ዘይቱም ይሄ ነው። ማታ ማታ እኔ ጋ ነው የሚያድሩት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ሌባ ያሰኘቻት መሰለኝ። ሀዲጃ ግን መጥበሻውን አንስታ ውስጡን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ከምድጃው ላይም ጣደችው።

«ይሁን እትዬ» አለች። «ይቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል።»

እትዬ ሙሉወርቅ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ሳምቡሳ ነክሳ ረጅም ጊዜ አኘከች። ሁላችንም እናያታለን።

«ምስሩን ቀንሰሻል» አለች።

እትዬ ሙሉወርቅ ስትሄድ ሀዲጃን፣ «አልከፋሽም?» አልኳት። በዚያ ቤት ከአባቴ ውጭ ሰው አነጋግሬ ስለማላውቅ ገርሟት ወደ እኔ ዞረች።

«ለምን ይከፋኛል የኔ ልጅ? በራሷ እጅ ተሸክማ አመጣችው እኮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጾሙ መንገዱ ሁሉ ያያል፦ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙሉወርቅ መጥበሻና ዘይት ይዛ ወደ ሀዲጃ ትገባለች፤ ሲመሽ ይዛ ትወጣለች። ማንንም አልሰበከችም፣ ሀዲጃም ማንንም አልለመነችም። ሰዎቹ ግን ያችን መጥበሻ ስትመላለስ እያዩ አንድ በአንድ ተመለሱ። መጀመሪያ ዳምጠው፣ ቀጥሎ ጫኞቹ፣ ከዚያ የቅዳሴ እናቶች። ይርጋም ከነሚስቱ መጣ፤ እሷ ዳጣውን ቀምሳ አንድም እንባ አልወጣትም፣ እሱ አፈረ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፤ አሁን ወደዚያ የምሄደው ከአባቴ ጋር ሳይሆን ደብተሬን ይዤ ብቻዬን ነው። አንድ የሁዳዴ ምሽት ሀዲጃ ምድጃውን አጥፍታ መጥበሻውን አጥባ ጠረጴዛው ላይ ደፍታዋለች። እትዬ ሙሉወርቅ ሱቋን ቆልፋ በበሩ አለፈች፤ «ደህና እደሩ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ሀዲጃ መጥበሻውን ይዛ ከበሩ ወጣች። «እትዬ፣ ረስተውት ሄዱ።»

እትዬ ሙሉወርቅ ዞር አለች። «አልረሳሁትም። እዚያው ይደር።»

«ሙሐሲን አለ እኮ» አለች ሀዲጃ።

«እሱን አንቺ ቆልፊበት» አለች እትዬ ሙሉወርቅ፣ ወደ ቤቷም ሄደች።

ሀዲጃ መጥበሻውን በሁለት እጇ ይዛ እትዬ ሙሉወርቅ ከመታጠፊያው እስክትሰወር ቆመች። ከዚያ ገባች፤ ግድግዳው ላይ የምትሰቅልበት ምስማር ስላልነበረ አንድ ፈልጌ እንድሰጣት ጠየቀችኝ።