ጭሴ ቀጥኗል

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከሰል ክምር አጠገብ ነው። ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለው ማሳችን አባባ የምላቸው አያቴ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጠው ይከምሩና በሳርና በአፈር ደፍነው ያከስሉ ነበር። አፈሩ ከተሰነጠቀ እንጨቱ ነዶ አመድ ስለሚሆን ክምሩ ቀን ከሌት ጠባቂ ይፈልጋል። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እራታቸውን ይዤ እወጣና፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ በስንጥቁ የሚቀላውን ፍም እያየሁ እስኪጨልም አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

አባባ ተረቱን ሲጨርሱ ትምህርቱን አይነግሩኝም። «ምን ታየሽ?» ብቻ ይሉኛል። አንድ ቀን ልጇ ስለሞተባት ሴት ሲያወሩ «ሐዘኗ ዘንገና ነበር» አሉ። ለእኔ የታየኝ ሐይቁ በነጠላዋ ተቋጥሮ፣ በሄደችበት ሁሉ ውሃው ሲንጠባጠብ ነው። ስነግራቸው ሳቁ።

«ለጊዜው ውሃውን ካየሽ ይበቃል። ጥልቀቱ ጊዜው ሲደርስ ይታይሻል።»

እኔ ግን ችኩል ነበርኩ። በክፍል ውስጥ ተለዋጭ ዘይቤ ስንማር «ይህ ምን ማለት ነው?» ሲባል ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ጉረኛም ነበርኩ።

አንድ ማክሰኞ ማምሻውን አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ። እራታቸውንም አልነኩም።

«ዳንግላ ላለው አባትሽ ደውዪለት» አሉኝ። «ጭሴ ቀጥኗል በዪው። እንዲሁ እንዳልኩሽ በዪው።»

ክምሩን አየሁት። እውነትም ጭሱ ነጭነቱ ጠፍቶ ቀጭንና ሰማያዊ ሆኗል። ይህ እኛ ዘንድ የምሥራች ነው፤ እንጨቱ ከስሏል ማለት ነው። የእናቴን ስልክ ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ከሰሉ ደርሷል» አልኩት።

«ጎሽ! እንግዲያው ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። አባባ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

አባባ ሐሙስ ረፋድ ላይ አረፉ። አባቴ በሚኒባስ ሲደርስ ተገንዘው ነበር። ከድንኳኑ ጥግ ሆኜ፣ «አንድ ቃል ቢልኩብኝ ምን ነበረበት?» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁት። አባቱ ሕመማቸውን በግልጽ የሚናገሩ ሰው እንዳልነበሩ፣ እሱ ግን ከልጅነቱ አብሯቸው ሲያከስል ስላደገ አነጋገራቸውን እንደሚያውቅ ላጽናኞቹ ይነግራቸው ነበር። ልከውብሃል ማለት አቃተኝ።

አሁን አድጌ እንጅባራ እኖራለሁ። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ተረቱ ሳይሆን ያ መልእክት ነው። አባባ «ጭሱ» ሳይሆን «ጭሴ» ብለው ቃላቸውን ሰጡኝ፤ እኔ ቃሉን ትቼ ለራሴ የመሰለኝን ትርጉም አደረስኩ። እንዳለ ባደርሰው ኖሮ እኔ ያልታየኝ ለአባቴ ይታየው ነበር። ስንት ጊዜ ልነግረው አስቤ ፈራሁ፤ ጥፋቱ የልጅ ነው ብሎ ይቅር እንደሚለኝም አውቃለሁ። አባቴ ግን ዛሬም አባቱ ሳይጠሩት እንደሞቱ ያምናል።